«ከማን ሰማህ?»፦ ታሪክን በጉዞ ጨዋታ ስለማስተማር

ለመሆኑ ልጆቻችን የታሪክ ትምህርት የሚሰለቻቸው ለምንድን ነው? በመድረሳም ይሁን በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ይህን ጥያቄ ራሱን ሳይጠይቅ አይቀርም። አንድ ሕፃን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) የሂጅራ ታሪክ ሲሰማ፣ ከአቡበክር (ረ.ዐ.) ጋር በሠውር ዋሻ ሳሉ አሳዳጆቹ አፉ ድረስ ሲመጡ፣ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ያው ሕፃን በማግሥቱ የነገሥታት ስምና የነገሡበት ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲደረደርለት ያዛጋል። ልጁ ያው ነው፤ የተለየው አቀራረባችን ነው። የዋሻውን ታሪክ ሲሰማ ራሱ መንገደኛ ይሆናል፤ «አሁን ምን ይሻላል?» ብሎ አብሮ ይጨነቃል። በሰሌዳው ታሪክ ግን ነገሩ ሁሉ አልቆ ስለቀረበለት ከመሸምደድ በስተቀር የሚሠራው ነገር የለም።

ስለዚህ ጉዳይ የምጽፈው ከገዋኔ ነው። ገዋኔ ከአዋሽ ተነስቶ በሚሌና በሰመራ በኩል ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በአየሉ ተራራ አጠገብ የምትገኝ የአፋር ከተማ ናት። ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ ከባድ መኪና ሲያልፍ ያያሉ፤ የመኪናውን ዓይነት ከሩቅ በድምፁ ይለያሉ። ይህ ሸለቆ ከአስፋልቱ በፊት ለብዙ ዘመን የግመል፣ የንግድ፣ የዑለማእና የጦር መንገድ እንደነበረ ግን ብዙዎቹ አልሰሙም። የሰሙትም ከአያቶቻቸው እንጂ ከመማሪያ መጽሐፍ አይደለም። አያቶች ደግሞ ያልፋሉ።

በዚህ ጽሑፍ «የጉዞ ጨዋታ» የምለው ተጫዋቹ ራሱን በአንድ መንገደኛ ቦታ አስቀምጦ፣ ስንቅና ውኃ ቆጥሮ፣ በየመንታ መንገዱ እየወሰነ የሚሄድበትን ጨዋታ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ጨዋታ በዲናችን

አንዳንድ ወላጆች «ልጄን ወደ መድረሳ የላክሁት ሊቀራ እንጂ ሊጫወት አይደለም» ይላሉ። ሥጋታቸው ተገቢ ስለሆነ በቅድሚያ መልስ ሊያገኝ ይገባል።

ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት በአንድ የዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ይጫወቱ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አልከለከሏቸውም፤ ይልቁንም እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እስክትጠግብ ድረስ እንድትመለከት ቆመው ከለሏት። እርሷም በልጅነቷ አሻንጉሊቶች እንደነበሯትና ከጓደኞቿ ጋር ትጫወትባቸው እንደነበር ተዘግቧል። የሐበሾቹ ጨዋታ የጦር አያያዝ የሚለመድበት እንጂ ዋዛ አልነበረም። የጨዋታው ባለቤቶች ከእኛ አገር የሄዱ ሰዎች መሆናቸውም ለልጆቻችን ሊነገር የሚገባው ነው።

ይሁን እንጂ ጨዋታ ልክ አለው። ቁማር ሐራም ነው። «ነርድ» የሚባለውንና በባለ ስድስት ገጽ የዕድል ጠጠር (ዳይስ) የሚካሄደውን ጨዋታ በሐዲስ በመወገዙ አብዛኞቹ ዑለማእ ከልክለዋል። የሶላትን ወቅት የሚያሳልፍ፣ ሐሰትን እንደ እውነት የሚያስተምር ጨዋታም አይጠቅመንም። እነዚህ ገደቦች መምህሩን የሚያስሩ ይመስላሉ፤ ወደ ኋላ እንደምንመለከተው ግን የተሻለ መንገድ ይጠቁሙታል።

በወረቀት የተጀመረው ጨዋታ

ታሪክን በጉዞ ጨዋታ በማስተማር በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው ሥራ የተጀመረው በአንድ የመምህርነት ተለማማጅ ነው። በ1971 በአሜሪካ አገር፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ዶን ራዊትሽ የሚባል ወጣት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ታሪክ እንዲያስተምር ተመደበ። ርዕሱ በ19ኛው መቶ ዘመን ሰዎች ከሚዙሪ ተነስተው ወደ ኦሪገን ያደረጉት ስደት ነበር። በበሬ ጋሪ የሚደረገው ይህ ጉዞ ወደ 3,200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ወራትም ይፈጃል። ራዊትሽ ተማሪዎቹ የመንገዱን ችግር እንዲቀምሱት ብሎ በትልቅ ወረቀት ላይ ካርታ ሣለ፤ በካርድና በዳይስ የሚሄድ ጨዋታም አዘጋጀ።

አብረውት ይኖሩ የነበሩት ቢል ሃይነማንና ፖል ዲለንበርገር ደግሞ የሒሳብ መምህርነት ተለማማጆች ነበሩ። ወረቀቱን አይተው «ይህን ኮምፒዩተር ሊሠራው ይችላል» አሉት፤ በሁለት ሳምንት ገደማም ሠሩት። በዚያን ጊዜ ተማሪዎቹ የተጫወቱበት መሣሪያ መስኮት እንኳ አልነበረውም፤ ጥያቄውም መልሱም በወረቀት ላይ እየታተመ ይወጣ ነበር። ስንት ብር ለበሬ፣ ስንት ለምግብ፣ ስንት ለልብስ ይውል? ወንዙ ሞልቷል፤ እንሻገር ወይስ እንጠብቅ? ስንቅ አነሰ፤ እናድን ወይስ እንገስግስ? ጨዋታው ከዚያ በኋላ «የኦሪገን መንገድ» በሚል ስም በትምህርት ቤቶች ተሠራጨ፤ በ1985 ሥዕል ያለው አዲስ ዝግጅት ወጥቶለት የአንድ ትውልድ ልጆች የተጫወቱት ሆነ።

ለእኛ መምህራን ከዚህ ሁለት ቁም ነገር ይገኛል። አንደኛ፣ የጨዋታው መነሻ ወረቀትና ካርታ እንጂ ኮምፒዩተር አልነበረም። መብራት በሚጠፋበት፣ ኮምፒዩተር በሌለበት ትምህርት ቤት ያለ መምህር «ይህ ለእኛ አይደለም» ሊል አይችልም። ሁለተኛ፣ ራዊትሽ በ1974 የሚኒሶታ ግዛት ትምህርት ቤቶችን በኮምፒዩተር የሚያገለግል ድርጅት ውስጥ ሲቀጠር ጨዋታውን በግምት አልተወውም። መንገደኞቹ ራሳቸው የጻፏቸውን የዕለት ማስታወሻዎች እያነበበ፣ ዝናብና በሽታ በየትኛው ሥፍራ ምን ያህል ይደጋገም እንደነበር እየለየ አስተካከለው። ስለዚህ ልጁ በጨዋታው ላይ የሚደርስበት መከራ በእውነት በሰው ላይ ከደረሰው የተቀዳ ነበር።

ጉድለትም ነበረበት። ታሪኩ የሚነገረው ከጋሪው ላይ ነው። ጋሪው የሚያልፍበት ምድር ባለቤት ነበረው፤ ነባሮቹ ሕዝቦች ግን በጨዋታው ውስጥ ሲፈልጉ የሚረዱ፣ ሲፈልጉ የሚያስፈሩ ጥላዎች ነበሩ። ይህ ትችት ለብዙ ዓመታት ሲነገር ቆይቶ በ2021 የወጣው አዲስ ዝግጅት ከእነዚያ ሕዝቦች የተወለዱ የታሪክ ምሁራንን አማክሮ ተሠርቷል። ሌላው ነገር ዳይሱ ነው። ዳይስ የሚወስንለት ልጅ ዕድሉን ይማራል እንጂ ምክንያትን አይማርም።

እነዚህን ሁለት ጉድለቶች የሚሞላልን ነገር እዚሁ ደጃችን ላይ አለ። እርሱም ዳጉ ነው።

ዳጉና ኢስናድ

ዳጉ በአፋር ሕዝብ ዘንድ የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት ነው። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ቸኩለው አይተላለፉም። ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ግመሎቻቸውን አቁመው ጥላ ካለ ቁጭ ይላሉ፤ ከዚያም አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይናገራል። ዝናብ የት ጣለ? ሣሩ እንዴት ነው? ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ ማን ተጋባ? በመንገድ ላይ ማንን አየህ? ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ካየው ጋር፣ ከሌላ የሰማውን ከተናገረው ሰው ጋር አያይዞ ይናገራል። ከዚያ ተራው ይለወጣል። የሐሰት ዳጉ ያቀበለ ሰው ያፍራል፤ በባህላዊው ሕግም ይጠየቅበታል። በዚህ ምድር በተሳሳተ ወሬ ወደ ደረቀ ጉድጓድ የሄደ ሰው ከብቱን፣ አልፎም ነፍሱን ያጣልና።

አሁን የሐዲስ ዑለማእ የሠሩትን እናስታውስ። አንድ ሐዲስ ሲነገር በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ከማን ሰማህ? እርሱስ ከማን?» የሚል ነው። ይህ ሰንሰለት ኢስናድ ይባላል። ሰንሰለቱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሰው እውነተኛ ነው? ማስታወሱ ጥሩ ነው? ካስተላለፈለት ሰው ጋር በእርግጥ ተገናኝቷል? ቁርኣንም ያልታመነ ሰው ወሬ ሲያመጣ አስቀድመን እንድናጣራ ያዝዘናል። የአፋር እረኛና የሐዲስ ሊቅ በዕውቀት ደረጃ ሊነጻጸሩ አይችሉም። ጥያቄያቸው ግን ይገናኛል፤ ሁለቱም ወሬውን ከመቀበላቸው በፊት የወሬውን ባለቤት ይጠይቃሉ። ታሪክ ጸሐፊም ቢሆን ሥራውን ከዚህ ውጭ አይጀምርም።

እንግዲህ ለልጆቻችን የምናዘጋጀው የጉዞ ጨዋታ ዳይስን አውጥቶ ዳጉን ቢያስገባስ? ተጫዋቹ ወደፊት የሚራመደው ዕድል ስለወጣለት ሳይሆን ትክክለኛውን ጥያቄ ስለጠየቀና የሰማውን ስላጣራ ይሆናል ማለት ነው።

በአዋሽ ሸለቆ የመጡ እንግዶች

ለዚህ ጨዋታ የሚሆን ታሪክ ሸለቋችን አላነሰውም። ጥቂቱን ብቻ ላንሳ።

በ1577 ኢማም ሙሐመድ ጋሳ መንበራቸውን ከሐረር ወደ አውሳ አዛወሩ። አውሳ የአዋሽ ወንዝ ወደ መጨረሻው ሲደርስ የሚያለመልመው የታችኛው ሸለቆ ምድር ነው፤ የዛሬዋ አሳይታ ያለችበት። ከኢማሙ ዘመን በኋላ አውሳ የአፋር ሱልጣኖች መቀመጫ ሆነ። ልጁ እዚህ ላይ «ኢማሙ ከተማቸውን ትተው ወደ በረሃ ለምን መጡ?» ብሎ እንዲጠይቅ ይደረጋል። በረሃ መሐል ወንዝ መኖሩን ሲያውቅ ግማሹን መልስ አገኘ።

ከዚያ ወደ 1875 እንምጣ። በዚያ ዓመት ቨርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊዘርላንድ ተወላጅ፣ በግብጹ ኸዲቭ እስማኤል አገልግሎት የነበረ ሹም፣ ወታደርና መድፍ ይዞ ከታጁራ ወደ አውሳ ገባ። ዓላማው በአውሳ በኩል ወደ ሸዋ ዘልቆ ከምኒልክ ጋር በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ላይ መተባበር ነበር። የአውሳው ሱልጣን ሙሐመድ ሐንፈሬ ነበሩ። በኅዳር ወር በሌሊት የአፋር ተዋጊዎች ሠፈሩን አጠቁት፤ ሙንዚንገርና አብዛኛው ሠራዊቱ አለቁ።

ይህን ታሪክ በሰሌዳ ብንጽፈው ሁለት መስመር ነው። በጨዋታ ግን ልጁን በሱልጣኑ ቦታ እናስቀምጠዋለን። አሁን ዳጉ ይምጣለት። አንዱ ልጅ «ግብጾች በጥቅምት ሐረርን ያዙ፤ አሚር ሙሐመድም ተገደሉ» ብሎ ይነግረዋል። ሌላው «ዘይላም በእጃቸው ነው» ይላል። ሦስተኛው «በሰሜን በኩልም ከምፅዋ ተነስተው ወደ ዮሐንስ አገር እየወጡ ነው» ይለዋል። ይህ ሁሉ በታሪክ የተረጋገጠ ነው። ከዚያ «እንግዳው ማለፍ ብቻ እፈልጋለሁ ይላል፤ መድፍ ግን ይዟል» ይባላል። አንተ ሱልጣኑ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

በክፍሌ ይህን ስናጫውት አንድ ልጅ ያነሣው ጥያቄ ለብዙ ቀን መወያያ ሆኖናል። «ኡስታዝ፣ ግብጾች ሙስሊሞች አይደሉም እንዴ? አውሳም ሙስሊም ነው። ታዲያ ለምን ተዋጉ?» አለ። ይህን ጥያቄ በሁለት መስመር ከሸመደደ ልጅ አንሰማውም። ሰዎች የሚዋጉት በሃይማኖት ልዩነት ብቻ እንዳልሆነ፣ ሥልጣንና መሬት በአንድ ሃይማኖት ተከታዮች መካከልም ሠይፍ እንደሚያማዝዝ፣ የታሪክ ሰዎችን በአንድ ቀለም ብቻ መቀባት እንደማይገባ የተወያየነው ከዚህ ጥያቄ ተነስተን ነው።

ሦስተኛው እንግዳ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ዊልፍሬድ ቴሲጀር እንግሊዛዊ ሲሆን የተወለደው በ1910 በአዲስ አበባ ነበር። በ1933 ማብቂያ ላይ፣ በ23 ዓመቱ፣ ከአዋሽ የባቡር ጣቢያ ተነስቶ አዋሽ ወንዝ የት እንደሚያልቅ ለማወቅ ግመሎችና አጃቢዎች ይዞ ጉዞ ጀመረ። ወደ ገዋኔ አካባቢ ወደ ባዱ ምድር ሲደርስ መንግሥት አገሩ አስጊ ነው ብሎ አስመለሰው። በ1934 መጀመሪያ ፈቃድ አግኝቶ እንደገና ተነሳ። በየጎሣው ምድር ሲደርስ መንገድ የሚያሳየውና ዋስ የሚሆነው የአገሬው ሰው ያስፈልገው ነበር። አውሳ ሲደርስ ከሱልጣን ሙሐመድ ያዮ ጋር ተገናኘ፤ በጥርጣሬ ቢታይም እንዲያልፍ ተፈቀደለት። ወንዙን ተከትሎ እስከ አብሄ ሐይቅ ሄደ፤ በግንቦት 1934ም ታጁራ ላይ ከባሕር ደረሰ። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በሐይቅ ውስጥ እንደሚቀር ለአውሮፓውያን መሰከረ።

እዚህ ላይ አንዲት ተማሪዬ «የእኛ እረኞች ይህን አያውቁም ነበር?» ብላ ጠየቀች። ያውቁ ነበር እንጂ! ሐይቁ ዳር ግመል የሚያጠጣ ሰው ወንዙ የት እንደሚያልቅ ሊሰወረው አይችልም። ታዲያ «አገኘ» የሚለው ቃል ለማን ነው እውነት? ይህም ኢስናድን የመጠየቅ አንዱ መንገድ ነው፤ መጽሐፍ የጻፈው መንገደኛው ነው፣ መንገዱን ያሳየው ሰው ግን አልጻፈም።

ቴሲጀር ባለፈ በዓመቱ፣ በጥቅምት 1935፣ ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ወረረች። ስለዚህ ለሱልጣን ያዮ ቦታ የተቀመጠው ተጫዋች ማሳለፉ ትክክል ነበር ወይ ብሎ ሲከራከር፣ ሱልጣኑ በዚያች ሌሊት ምን ያውቁ እንደነበር፣ ምንስ ሊያውቁ እንደማይችሉ መለየት ይኖርበታል። ከተፈጸመ በኋላ መፍረድ ቀላል ነው። የታሪክ ትምህርት ከሚሰጠን ትዕግሥት አንዱ ይህ ነው።

አጨዋወቱ

ለሚጠይቁኝ መምህራን እንዲጠቅም አጨዋወቱን በአጭሩ ልግለጽ። ወጪ የለውም።

በግቢው አሸዋ ላይ የአዋሽን ወንዝ በእንጨት እንሥላለን። ጣቢያዎቹን በድንጋይ እናመለክታለን፦ አዋሽ፣ መልካ ወረር፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ዱብቲ፣ አሳይታ፣ መጨረሻው አብሄ ሐይቅ። ሰመራ ዛሬ የክልሉ መዲና ብትሆንም በ1934 ጨዋታ ውስጥ አትገባም፤ ገና አልነበረችምና። ልጆቹ ይህን ራሳቸው ማወቅ አለባቸው።

ክፍሉ በቡድን ይከፈላል። በየቡድኑ አንድ መሪ፣ አንድ ውኃ ቆጣሪ፣ አንድ ግመል ጠባቂ፣ አንድ ዳጉ ጠያቂና አንድ ጸሐፊ ይኖራል። ውኃ በጠጠር ይቆጠራል፤ በየቀኑ መንገድ አንድ ጠጠር ይቀነሳል። በየጣቢያው የአገሬው ሰው የሆነ ልጅ ተቀምጦ ይጠብቃል። ይህ ልጅ ስለ ጣቢያው የሚያውቀው በወረቀት ተጽፎ ተሰጥቶታል፤ ካልተጠየቀ ግን አይናገርም። መንገደኛው ሰላምታ ሳይሰጥ፣ ሳይቀመጥና ሳይጠይቅ ቢያልፍ ቀጣዩ ጉድጓድ ደረቅ ይሆንበታል። ይህን ሕግ ያወጣሁት ከዳጉ ሥርዓት ነው፤ ልጆቹም «ቸኩሎ ያለፈ ተጠማ» እያሉ ይቀልዱበታል።

አንዳንድ ነገር በዕጣ መሆን ካለበት፣ ለምሳሌ ግመል መታመሙ ወይም ጎርፍ መምጣቱ፣ ወረቀት በጨርቅ ከረጢት አድርገን በዕጣ እናወጣለን። ዕጣ ማውጣት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ጉዞ ሲወጡ ከባለቤቶቻቸው ማን እንደምትከተላቸው ለመለየት የተጠቀሙበት ነው። ገንዘብም ሆነ ሽልማት አይያዝበትም።

ከሁሉ በላይ የምንጠብቀው ሕግ የጠጠሮቹ ነው። ጸሐፊው የሰማውን ወሬ ሁሉ ሲመዘግብ በዓይን ያየ ሰው የተናገረው ከሆነ ነጭ ጠጠር፣ ከሌላ የተሰማ ከሆነ ጥቁር ጠጠር ያስቀምጣል። መሪው በጥቁር ጠጠር ብቻ ተመርቶ ቢወስን ይፈቀድለታል፤ ቢሳሳት ግን ጨዋታው ካበቃ በኋላ ለምን ሳያጣራ እንደሄደ ለክፍሉ ያስረዳል።

የጨዋታው ግማሽ ደግሞ የሚካሄደው ከጨዋታው በኋላ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ወደ ቤቱ ሄዶ ከአያቱ ወይም ከሌላ አዛውንት ስለዚህ መንገድ አንድ ዳጉ ይዞ ይመጣል፤ «እከሌ ነገረኝ፣ እርሱም ከአባቱ ሰማ» ብሎ ሰንሰለቱን ያቆማል። ስለ ባቡሩ፣ ስለ ጥጥ እርሻው፣ ስለ ድርቁ ዘመን፣ ስለ ሱልጣን ዓሊሚራህ ስደትና መመለስ የሚነገረው ብዙ ነው። አንዳንድ ጊዜ ሁለት ልጆች ስለ አንድ ነገር የማይጣጣም ወሬ ያመጣሉ። ያን ጊዜ ደስ ይለኛል፤ የታሪክ ትምህርት እውነተኛ ሥራው ከዚያ ይጀምራልና።

የሐሰት ዳጉ ያስመለሳቸው ስደተኞች

በመድረሳ ላሉ ታናናሾች በዚሁ መንገድ የመጀመሪያውን ሂጅራ ማስተማር ይቻላል። በ615 የቁረይሽ ግፍ ሲበረታ የተወሰኑ ሷሐቦች ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። በመጀመሪያው ጉዞ 11 ወንዶችና 4 ሴቶች እንደነበሩ፣ ከእነርሱም ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ.) እንደሚገኙ የሲራ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። በድብቅ ወጥተው፣ አንዳንዱ በእግሩ አንዳንዱ በእንስሳ፣ ወደብ ሲደርሱ የነጋዴ መርከቦች አግኝተው ተሳፈሩ። ምን ይዘህ ትወጣለህ? ለማን ትናገራለህ? የማታውቀው ንጉሥ ፊት ስትቀርብ ምን ትላለህ? ሕፃኑ እነዚህን ጥያቄዎች ሲመልስ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) በነጃሺ ፊት የተናገሩት ንግግር ምን ያህል ብልህነትና ድፍረት እንደነበረበት ይገባዋል።

ግን ከዚያ በፊት የሆነ አንድ ነገር አለ። ስደተኞቹ ሐበሻ ሳሉ «የመካ ሰዎች ሰልመዋል» የሚል ወሬ ደረሳቸው። ከመካከላቸው ወደ አገራቸው የተመለሱ ነበሩ። መካ አጠገብ ሲደርሱ ወሬው ሐሰት ሆኖ አገኙት፤ አንዳንዶቹ በዘመድ ጥበቃ ሥር ሆነው ገቡ፣ ሌሎቹ ተደበቁ፣ በኋላም ዳግመኛ ተሰደዱ። የአገር ናፍቆት ያለበት ሰው መልካም ወሬ ሲሰማ ማመን እንደሚቀልለው ለሕፃናት ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላገኘሁም። በጨዋታው ላይ ይህ ወሬ በጥቁር ጠጠር ይመጣል። አብዛኞቹ ልጆች ደስ ብሏቸው ጓዛቸውን ይጠቀልላሉ። ጥቂቶቹ ብቻ ቆም ብለው «ከማን ሰማህ?» ይላሉ።

በስልክ የመጡ ጨዋታዎች

«አሁን ዘመኑ የስልክ ነው፤ በአሸዋ ላይ የሚጫወት ልጅ የት አለ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ገዋኔም ውስጥ ልጆች በአንዲት ስልክ ላይ ለአምስት ተደርበው ሲተኳኮሱ ይውላሉ። ሆኖም የኮምፒዩተር ጨዋታ ሁሉ ተኩስ አይደለም። በ1985 የወጣው «ካርመን ሳንዲየጎ» የተባለ ጨዋታ ሌባን በዓለም ዙሪያ የሚያሳድድ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ፍንጩን ለመፍታት አብሮ የሚሸጥ የማጣቀሻ መጽሐፍ ማገላበጥ ነበረበት። በ2018 ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ስለ ጥንታዊት ግብጽ ከሠራው ጨዋታ ውስጥ ውጊያውን አውጥቶ ተማሪ እየተዘዋወረ የሚማርበት የጉብኝት ዝግጅት አወጣ። በ2023 ደግሞ የ9ኛው መቶ ዘመን ባግዳድን መነሻ ያደረገ ጨዋታ ሠራ፤ በዓረብኛ ድምፅ፣ ስለ ዐባሲያ ዘመን ታሪክ ከሚያስረዳ መዝገብ ጋር። ዕውቀት ያላት፣ ገበያዋ የደመቀ ሙስሊም ከተማ በእንዲህ ያለ ሥራ መታየቷ በጎ ነው። የጨዋታው ባለታሪክ ግን በሥውር የሚገድል ሰው መሆኑን ወላጅ ማወቅ አለበት።

የአገራችንንም ስም እናገኛለን። «ኤጅ ኦቭ ኤምፓየርስ» በሚባለው የጦር ስልት ጨዋታ በ2015 በወጣው የአፍሪካ ክፍል ኢትዮጵያውያን ገብተዋል። የተመረጠላቸው ታሪክ የዮዲት ነው፤ ስለ እርሷ ከአፈ ታሪክ ውጭ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ግን ጥቂት ነው። በዚያው ክፍል የጣሪቅ ኢብኑ ዚያድ ዘመቻም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የተባለ ድርጅት ገበጣን በስልክ ላይ አውጥቷል፤ ይህ የሚያበረታታ ጅምር ነው። የአዋሽን ሸለቆ፣ የዳጉን ሥርዓት፣ የአውሳን ታሪክ ግን ከውጭ መጥቶ በትክክል የሚሠራልን የለም። ቢሠራውም ከጋሪው ላይ ሆኖ ይሠራዋል።

ይህን የምለው ለክብር ብቻ ብዬ አይደለም። ዛሬ ዳጉ ወደ ስልክ ገብቷል። ድሮ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው በየፊታቸው እየተያዩ የሚለዋወጡት ወሬ አሁን ባለቤቱ ሳይታወቅ በደቂቃ ከአዋሽ ሰመራ ይደርሳል። በመንገድ ዳር ባለ ከተማ ያልተጣራ ወሬ ገበያ ያዘጋል፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጋጫል፣ አንዳንዴም የማይመለስ ደም ያፈስሳል። ወሬው ሲመጣ ቆም የሚል ወጣት በምክር ብቻ አይገኝም። ቆም ማለትን በልጅነቱ፣ ደጋግሞ፣ ስሕተቱ ነፍስ በማያጠፋበት ቦታ ሊለምደው ይገባል። የሐበሾቹ የጦር ጨዋታ ለጦርነት ልምምድ እንደነበረ ሁሉ የእኛም የአሸዋ ጨዋታ ለማጣራት ልምምድ ነው።

ስለዚህ በየአካባቢው ያላችሁ መምህራንና ኡስታዞች ሆይ! የአዋሽን ታሪክ እንድትወስዱ አልጠይቃችሁም፤ የየራሳችሁ መንገድ አላችሁ። የወሎ መምህር ደረሳ ስንቁን ተሸክሞ ከሸኽ ወደ ሸኽ የሚዞርበት መንገድ አለው። የሐረር መምህር የዘይላ መንገድ አለው። የባሌ መምህር ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን የሚወስደው አለው። ከመንገዱ አንዱን ምረጡ፤ በእውነት የተረጋገጠውን ለዩ፤ አዛውንቶችን ጠይቁ፤ ከዚያ ልጆቹን በአሸዋው ዙሪያ ሰብስቧቸው። አዛውንቶቹን መጠየቁን ግን ለነገ አታቆዩት፤ በየወሩ የምንቀብረው ሽማግሌ ከነሰንሰለቱ እየሄደ ነውና። ወላሁ አዕለም።